ሃያ ሁለት ስላይድ በሃያ ደቂቃ፦ ከቱሉ ዲምቱ የተነሣ የውይይት ክር

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ዳርቻ፣ የአዳማው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ከቱሉ ዲምቱ አካባቢ የምትኖር አንዲት የኮንዶሚኒየም ነዋሪ በመድረካችን ላይ የከፈተችው ክር ሃያ ስምንት ምላሾችን ካስተናገደ በኋላ እየቀዘቀዘ መጥቷል። ክሩ ረጅም ነው፤ ቁም ነገሩም ከእሰጥ አገባው ጋር ተደባልቆ ይገኛል። ሰው ፊት ቆሞ ገለጻ የማቅረብ ግዴታ ያለበት ሁሉ ከላይ እስከ ታች ለማንበብ ጊዜ ላይኖረው ስለሚችል፣ የተባለውን በተራው፣ የራሴንም አስተያየት በየመካከሉ እያስገባሁ እተርካለሁ።

ጠያቂዋ የነዋሪዎች ማኅበር ኮሚቴ ጸሐፊ ናት። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት በዚህ ሰፈር ግፊቱ የላይኛዎቹን ፎቆች ስለማይደርስ፣ ኮሚቴው ነዋሪው አዋጥቶ የጋራ ታንከርና ፓምፕ እንዲገዛ ሐሳብ አዘጋጅቷል፤ ይህን ሐሳብ በእሑድ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የማቅረቡ ኃላፊነት የወደቀው በእርሷ ላይ ነው። የተፈቀደላት ጊዜ ሃያ ደቂቃ ሲሆን ያዘጋጀችው ሃያ ሁለት ስላይድ ነው። ስላይዶቹን አያይዛ፣ ሰዎች ገለጻ ሲያቀርቡ በብዛት የሚሠሯቸውን ስሕተቶች እንድንነግራት ጠየቀች። ይሁን እንጂ ጽሑፏ በጥያቄ ብቻ አላበቃም። የአቅራቢዎች ሁሉ ትልቁ ጠላት ፍርሃት እንደሆነ፣ መድኃኒቱም ጽሑፉን ከዳር እስከ ዳር መሸምደድ እንደሆነ ጽፋ፣ እርሷም ይህንኑ እንደጀመረች አስታወቀች።

1ኛው ምላሽ ሰጪ በሐሳቧ ተስማማ። ከመጀመሯ በፊት በረጅሙ እንድትተነፍስ፣ ውኃ በአጠገቧ እንድታስቀምጥና ከታዳሚው መካከል የምታውቃቸውን ሦስት አራት ፊቶች መርጣ እያየች እንድትናገር በትሕትና መከራት። ክፉ ምክር አይደለም፤ ሆኖም ስላይዶቹን ከፍቶ ያያቸው አይመስለኝም።

2ኛው ምላሽ ከገላን የሚጽፉ የሂሳብ መምህር ናቸው። እርሳቸው እኅታችንን በአክብሮት ሰላም ካሏት በኋላ፣ መሸምደድ ፍርሃትን የሚያባብስ እንጂ የሚያስታግስ አለመሆኑን አስረዷት። ጽሑፉን የሸመደደ ሰው አንድ ዐረፍተ ነገር ሲጠፋው ተከታዩም አብሮ ይጠፋዋል፤ አዳራሹ ውስጥ ሕፃን ቢያለቅስ ወይም የአንዱ ስልክ ቢጮህ፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ካልጀመረ በቀር መቀጠል ያቅተዋል። ስለዚህ በቃል መያዝ የሚገባቸው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዐረፍተ ነገሮችና የመጨረሻው ብቻ እንደሆኑ፣ የቀረውን ግን በነጥብ ይዞ እንደ ወሬ መናገር እንደሚሻል አሳሰቡ። ልምምድን በተመለከተ የጨመሩት ቃል በተለይ ጠቃሚ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ በዓይን ማንበብ ልምምድ እንዳልሆነና ድምፅ ከሚፈልገው ጊዜ እጅግ ባነሰ ጊዜ እንደሚያልቅ ገልጸው፣ ቆማ፣ ድምፅ አውጥታ፣ ሰዓት ይዛ፣ ቢያንስ በአንድ ሰው ፊት እንድትለማመድ ነግረዋታል።

3ኛው ምላሽ ሰጪ የግንባታ መሐንዲስ ነው፤ ስላይዶቹን ከፍቶ አንድ በአንድ የተመለከተው የመጀመሪያው ሰውም እርሱ ነው። ሦስተኛው ስላይድ ላይ አሥራ አራት መስመር ጽሑፍ መኖሩን፣ የፊደሉ መጠንም ከሦስተኛው ረድፍ በኋላ ለተቀመጠ ሰው እንደማይታይ ጠቆመ። የቴክኖሎጂ ንግድ ባለሙያውና ጸሐፊው ጋይ ካዋሳኪ ለባለሀብቶች የንግድ ሐሳብ ለሚያቀርቡ ሰዎች ያወጣውን የ10፣ የ20 እና የ30 ደንብ ማለትም 10 ስላይድ፣ 20 ደቂቃ፣ በኮምፒውተሩ የፊደል መለኪያ ከ30 ነጥብ ያላነሰ ፊደል የሚለውን አስታውሶ፣ ደንቡ ሕግ ባይሆንም ለእርሷ ጉዳይ እንደሚስማማ ገለጸ። ከዚያም ከውጭ በመጡ መመሪያዎች ላይ የማይገኝ አንድ ነገር አከለ። የእኛ ፊደል የድምፅ ልዩነቱን የሚሸከመው በትንንሽ ቅጥያዎች በመሆኑ፣ ከኋላ ወንበር ለተቀመጠ ሰው ‹ሙ› እና ‹ሚ› የሚለዩት በአንዲት አጭር ጭረት አቀማመጥ ብቻ ነው፤ ፊደሉ ሲወፍር ደግሞ የ‹ቀ› እና የ‹ወ› ቀዳዳ ይደፈናል። ስለዚህ በላቲን ፊደል የሚበቃው መጠን ለአማርኛ እንደማይበቃ፣ ማድመቅም ለርእስ ብቻ መቅረት እንዳለበት መከረ። በአረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ኅብር ያስጌጠችውንም ሳይነካ አላለፈም፤ በነጭ መደብ ላይ ቢጫ ጽሑፍ ማለት ባዶ ስላይድ ማለት ነው።

4ኛው ምላሽ ክሩን ለጥቂት ጊዜ ወደ ጎን ወሰደው። ጸሐፊው በየሥልጠናው የሚደጋገመውን ቁጥር ጠቅሶ፣ ከመልእክታችን ውስጥ 55 በመቶው በአካል እንቅስቃሴ፣ 38 በመቶው በድምፅ ቃና፣ 7 በመቶው ብቻ በቃላት የሚተላለፍ ስለሆነ፣ ስለ ፊደል መጠን ከመጨነቅ ይልቅ አቋቋሟን እንድታስተካክል አሳሰባት። የሥነ ልቦና ትምህርት የተማረች 5ኛ ምላሽ ሰጪ በሰላ ቋንቋ አረመችው። ቁጥሩ የተወሰደው የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ሜራቢያን እ.ኤ.አ. በ1967 ከባልደረቦቹ ጋር ካሳተማቸው ሁለት ጥናቶች እንደሆነ፣ ጥናቶቹም ያተኮሩት ነጠላ ቃላት በተለያየ ቃናና የፊት ገጽታ ሲቀርቡ ሰሚው የመውደድና የመጥላት ስሜትን እንዴት እንደሚገምት በማየት ላይ እንደነበር፣ ተመራማሪው ራሱም ከዚህ ውጭ ለሆነ ንግግር ሁሉ እንዳይሠራበት እንዳስጠነቀቀ አስረዳች። ቁጥሩ እውነት ቢሆን ኖሮ የማናውቀውን ቋንቋ ዜና ድምፁን ዘግተን ብናየውም አብዛኛውን እንረዳው እንደነበር ጨምራ፣ ሳያጣሩ ለሰው ማስተማር ነውር መሆኑን አመለከተች።

6ኛው እርማቱን ተቀብሎ አነጋገሩን ነቀፈ። የቁጥሩ ባለቤት 7ኛውን ምላሽ ይዞ ተመልሶ፣ በቁጥሩ ላይ እንደማይከራከር፣ ነገር ግን ጀርባን ለታዳሚ ሰጥቶ ከግድግዳ ላይ ማንበብ ስሕተት መሆኑን ማንም ሊክደው እንደማይችል ጻፈ። ማንም አልካደውም። እኔም የልጅቷ እርማት ትክክል ሆኖ ሳለ ስድቡ ባይጨመርበት ኖሮ ሁለት ምላሾች ይቆጠቡልን ነበር እላለሁ።

በ8ኛው ምላሽ ወደ ተግባር ተመለስን። ከየካ አባዶ የምትጽፈው እኅት በኮምፒውተር ጽሑፍና ኅትመት ሥራ ላይ ብዙ ጊዜ የቆየች ናት፤ ያነሣችውም በአማርኛ ገለጻ የሚያቀርብ ሰው ሁሉ የሚፈራውን፣ ስላይዱ በሌላ ሰው ላፕቶፕ ላይ ሲከፈት ፊደሉ ጠፍቶ የሚገኝበትን ሁኔታ ነው። እንደ እርሷ ማብራሪያ ችግሩ ሁለት ዓይነት ነው። የቀድሞዎቹ የፓወር ግዕዝና የቪዥዋል ግዕዝ ፎንቶች የግዕዙን ቅርጽ በላቲን ፊደላት ቦታ ላይ ያስቀመጡ በመሆናቸው፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ጽሑፉ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ክምር ሆኖ ይወጣል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ወደተባለው፣ ለየቋንቋው ፊደል የራሱን ቁጥር ወደሚሰጠው የኮምፒውተር ሥርዓት ከገባ በኋላ በተሠሩት ፎንቶች የተጻፈ ከሆነ ደግሞ፣ በጣም ቢከፋ ባዶ ሳጥኖች ይታያሉ ወይም ኮምፒውተሩ ራሱ ሌላ ፎንት ይተካና መስመሮቹ ከቦታቸው ይፈናቀላሉ። ኒያላ የተባለው ፎንት ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ ቢሆንም በዊንዶውስ 10 ላይ በየኮምፒውተሩ ተጭኖ የሚገኝ አለመሆኑን ብዙዎች አያውቁም፤ ኢብሪማ ግን ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ የእኛን ፊደል ስለሚይዝ ይበልጥ ያስተማምናል። በመጨረሻም ፓወርፖይንቱ በሚቀመጥበት ጊዜ ከማስቀመጫ አማራጮቹ ውስጥ ፎንቱን ከፋይሉ ጋር እንዲያያይዝ ማዘዝ እንደሚቻል ገልጻ፣ ከዚያ በተጨማሪ አንድ ቅጂ በፒዲኤፍ እንድትይዝ መከረች። ፒዲኤፍ ላይ የሚበርሩና የሚሽከረከሩ ጽሑፎች አይሠሩም፤ ይህን እንደ ጉዳት አልቆጠረችውም፤ እኔም አልቆጥረውም።

9ኛው ከቃሊቲ የሚጽፍ የኮምፒውተር ጠጋኝ ሲሆን ከእርሷ በቀጠለ መንፈስ ጻፈ። አሮጌ ፕሮጀክተሮች ቪጂኤ የተባለውን የቀድሞ ገመድ ብቻ ሲቀበሉ አዳዲስ ላፕቶፖች ደግሞ ብዙ ጊዜ የአዲሱ የኤችዲኤምአይ ገመድ መሰኪያ ብቻ ስለሚኖራቸው፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ኮንቨርተር ሳይዙ መሄድ የስብሰባውን ግማሽ ሰዓት ማባከን እንደሆነ አስጠነቀቀ። ከ2013ቱ እትም ጀምሮ ፓወርፖይንት አዲስ ስላይድ የሚከፍተው በሰፊው የ16 በ9 መጠን ስለሆነ፣ በ4 በ3 ፕሮጀክተር ላይ ከላይና ከታች ጥቁር ቀርቶ ፊደሉ ይበልጥ እንደሚያንስ አስረዳ። በፍላሽ የሚተላለፉ ቫይረሶች ፎልደሩን ደብቀው በቦታው አቋራጭ ምልክት ስለሚተዉ፣ ፋይሉን በኢሜይልም ለራስ መላክ እንደሚገባ ጨመረ። አነስተኛ የሚመስሉ፣ ግን አቅራቢን ከኀፍረት የሚያድኑ ነገሮችንም ጠቀሰ፦ ስላይዱ በመታየት ላይ እያለ ‹ቢ› የሚለውን የላቲን ቁልፍ መጫን ማያውን ያጠቁረዋል፣ ድጋሚ መጫን ይመልሰዋል፤ የስላይዱን ቁጥር ጽፎ ኢንተር መጫን ደግሞ በቀጥታ ወደዚያ ስላይድ ይወስዳል። ጥያቄ ሲነሣ ሃያ ስላይድ ወደ ኋላ እየገለበጡ ሕዝብን ማስጠበቅ አያስፈልግም ማለት ነው።

ከዚያ 10ኛው መጣ። ከኮዬ ፈጬ የሚጽፉት እኚህ ሰው ከላይ የተጻፈውን ሁሉ በአንድ አንቀጽ አጣጣሉት። ስብሰባው የሚካሄደው በኮንዶሚኒየም ግቢ እንጂ በሆቴል አዳራሽ ውስጥ አለመሆኑን፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ መሆኑን፣ በዚያ ብርሃን ፕሮጀክተር የሚያሳየው ግድግዳውን ብቻ እንደሆነ፣ መብራትም ከሄደ ላፕቶፑ በባትሪው ቢቆይ ፕሮጀክተሩ እንደማይቆይ ዘርዝረው፣ መካሪዎቹ ስለ ቦታው አንዲት ጥያቄ ሳይጠይቁ ስለ ፎንት መጨቃጨቃቸውን ዘለፉ። ቋንቋቸው ሸካራ ቢሆንም ነገሩን በትክክል ያዩት እርሳቸው ናቸው። በከተማው ዳርቻ የሚደረግ ስብሰባ የራሱ ሁኔታ አለው፤ ስፍራውን በዚያው ሰዓት ቀድሞ ሄዶ ያላየ አቅራቢ ምን ዓይነት ስላይድ እንደሚያስፈልገው እንኳ ሊያውቅ አይችልም።

ጠያቂዋ በ11ኛው ምላሽ ስብሰባው ኮሙናል በሚባለው የጋራ መገልገያ ቤት ውስጥ እንደሚካሄድ፣ መስኮቶቹ ሰፋፊ እንደሆኑና ወደ ምዕራብ እንደሚመለከቱ ገለጸች። ዘጠኝ ሰዓት ላይ የምዕራብ መስኮት ምን እንደሚያስገባ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። 12ኛው የእድር አገልጋይ እንደሆኑ የተናገሩ አባት ናቸው፤ የድንኳን ሸራ በመስኮቱ ላይ መወጠር እንደሚቻል፣ ሆኖም ጨለማው ሽማግሌዎችን ስለሚያስተኛ፣ ዋና ዋናዎቹን ነገሮች በትልልቅ ካርቶን ላይ በማርከር ጽፎ ማቆም የተሻለ እንደሆነ አስታወቁ። ካርቶን መብራት አይጠይቅም፤ ቀጣዩ ነጥብ ሲነገርም ያለፈው ከፊት ስለማይጠፋ አርፍዶ የመጣ ሰው ራሱ አንብቦ ይደርሳል። ይህ ጥቅም በስላይድ አይገኝም።

ከ13 እስከ 16 ያሉት ምላሾች ስለ ሰላምታ ነበሩ። ጡረታ የወጡ አንድ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የወጣት አቅራቢዎች ትልቁ ስሕተት ክብር የሚገባቸውን ሰዎች በስም ሳይጠሩ መጀመራቸው እንደሆነ ጻፉ፤ የሃይማኖት አባቶች፣ የአገር ሽማግሌዎች፣ የወረዳ ተወካዮች በቅደም ተከተል ሊጠሩ እንደሚገባ አሳሰቡ። 14ኛው ወጣት ይህ ከሃያው ደቂቃ አምስቱን እንደሚበላ፣ አንድ ሰው ከተዘለለ ደግሞ የተዘለለው ሰው እስከ ስብሰባው መጨረሻ አኩርፎ እንደሚቀመጥ በምሬት መለሰ። አዛውንቱ በ15ኛው ላይ የዛሬ ልጆች ሥርዓት አልባነት ነው ብለው ሲቆጡ፣ ወጣቱ በ16ኛው ላይ ይቅርታ ጠይቆ አቋሙን ሳይለውጥ ወጣ። ለእኔ ሁለቱም የዘነጉት ስብሰባው ሰብሳቢ ያለው መሆኑን ነው። እንግዶችን በማዕረጋቸው መጥራት የሰብሳቢው ድርሻ ነው፤ አቅራቢዋ ታዳሚውን በአንድ ዐረፍተ ነገር ሰላም ብላ፣ እጅ ነሥታ ወደ ጉዳይዋ ብትገባ ማንም አይቀየማትም።

ክሩን ከተራ ምክር ያወጣው 17ኛው ምላሽ ነው። የድኅረ ምረቃ ተማሪ የሆነው ጸሐፊ ኮሎምቢያ ስለተባለችው የአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር አነሣ። እ.ኤ.አ. ጥር 2003 መንኮራኩሯ ስትተኮስ ከውጫዊው የነዳጅ ታንከር የተላቀቀ የአረፋ ቁራጭ የግራ ክንፏን መታ። መንኮራኩሯ ገና በሕዋ ላይ ሳለች መሐንዲሶች ስለ ጉዳቱ ለኃላፊዎች ገለጻ አቀረቡ። ከስላይዶቹ የአንዱ ርእስ የሙከራ ውጤቶቹ የሚያረጋጉ መሆናቸውን የሚያመለክት ነበር፤ ከሥሩ በደረጃ በደረጃ የተከፋፈሉ ነጥቦች ተደርድረው፣ መጨረሻው መስመር ላይ፣ በትንሽ ፊደል፣ ክንፉን የመታው ቁራጭ 1,920 ኪዩቢክ ኢንች ሊሆን እንደሚችል፣ ሙከራው የተደረገበት ግን 3 ኪዩቢክ ኢንች ብቻ እንደነበር ተጽፏል። 640 እጥፍ ማለት ነው፤ ሙከራው ለዚህ አደጋ ምንም ሊናገር አይችልም ማለት ነው። የካቲት 1 ቀን 2003 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መንኮራኩሯ ወደ ምድር ስትመለስ ተበታተነች፤ ሰባቱም ጠፈርተኞች ሞቱ። በዚያው ዓመት ነሐሴ የወጣው የአጣሪው ቦርድ ሪፖርት፣ ያን ስላይድ ያነበበ ከፍተኛ ኃላፊ ጉዳዩ የሰው ሕይወት ጉዳይ መሆኑን ላይረዳ እንደሚችል ገልጾ፣ በቴክኒካዊ ጽሑፍ ፋንታ በስላይድ የመነጋገርን ልማድ ተችቷል። ተማሪው ስላይዱ ብቻውን አደጋውን እንዳላመጣ በጥንቃቄ ካስታወሰ በኋላ ወደ እኅታችን ተመለሰ፦ እያንዳንዱ ቤት የሚጠየቀው መዋጮ የተቀመጠው በ19ኛው ስላይድ፣ በመጨረሻው መስመር ላይ መሆኑን አሳያት። ሰው የመጣበትን ነገር ከታች መቅበር ማለት ይህ ነው ሲል ደመደመ።

ይህን ሳነብ ከላይ የተባሉት የፊደልና የቀለም ስሕተቶች ሁሉ የዚህ የአንዱ ልጆች እንደሆኑ ታየኝ። ስላይድ የሚበዛው፣ ፊደል የሚያንሰው፣ ደቂቃ የሚያልፈው አቅራቢው ጉባኤው ምን እንዲወስን እንደሚፈልግ ለራሱ ሳይቆርጥ ስለሚነሣ ነው። ያልቆረጠ ሰው የሚያውቀውን ሁሉ ያመጣል፤ ከመካከሉ የሚበጀውን የመምረጡን ሥራ ለአድማጩ ይተዋል።

ሆኖም 18ኛው ምላሽ ቀላል ተቃውሞ አልነበረም። ብዙ ስብሰባ የመሩ እናት ናቸው የጻፉት። ገንዘቡን በመጀመሪያው ደቂቃ የሚናገር ሰው ከዚያ በኋላ የሚሰማው እንደማያገኝ፣ አዳራሹ ወዲያው በጉርምርምታ እንደሚሞላ፣ ታች የሚኖረው ውኃ የሚደርሰው ሰው ለምን ይከፍላል የሚለው ክርክር ፓምፑ ምን እንደሆነ ሳይነገር እንደሚነሣ ከልምዳቸው አስረዱ። የውጭ አገር ኃላፊዎችና የሰፈር ጉባኤ አንድ አይደሉም። 19ኛው ሁለቱን ለማስታረቅ ሞክሮ፣ በመጀመሪያ ችግሩ በአንድ ደቂቃ እንዲነገር፣ ወዲያው የሚጠየቀው ውሳኔና መዋጮ በግልጽ እንዲቀመጥ፣ ከዚያ ምክንያቱና ስሌቱ እንዲከተል ሐሳብ አቀረበ። ወይዘሮዋ አልተመለሱም። እኔ ከ19ኛው ጋር ነኝ፤ ጉርምርምታው በመጨረሻ ላይ ቢመጣ ለመልስ ጊዜ አይኖርም፤ በመጀመሪያ ቢመጣ ግን ቀሪው ገለጻ ራሱ መልስ ይሆናል። የወይዘሮዋ ሐሳብ ያስገደደው አንድ ነገር ግን አለ፤ የታችኛው ፎቅ ነዋሪ የሚያገኘው ጥቅም ከገንዘቡ ጋር በአንድ ትንፋሽ መነገር አለበት።

20ኛዋ የሂሳብ ባለሙያ በግራፎቹ ላይ ሁለት ጉድለቶች አገኘች። በአንደኛው ግራፍ ላይ የኮሚቴው ወጪ በእኛ አቆጣጠር፣ ከሻጩ ድርጅት የተገኘው ዋጋ ደግሞ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ተቀምጦ ሳለ ሁለቱም ‹ዓመት› ተብለዋል፤ ከመስከረም እስከ አውሮፓውያኑ ዲሴምበር መጨረሻ የሰባት፣ ከዚያ በኋላ የስምንት ዓመት ልዩነት መኖሩን፣ የበጀት ዓመት ከተባለ ደግሞ ሐምሌ 1 ቀን እንደሚጀምር አስታውሳ፣ አንዱን መርጦ ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብሎ መጻፍ ግዴታ መሆኑን ገለጸች። በሁለተኛው ላይ የቆመው መስመር ከዜሮ ስላልጀመረ ጥቂቱ ጭማሪ እጥፍ መስሎ ይታያል። ይህን ከታዳሚው አንድ ሰው ካስተዋለ ቀሪው አሐዝ ሁሉ እንደማይታመን አስጠነቀቀች።

21ኛው መሐንዲሱ ተመልሶ የጻፈው ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በሳንታ ባርባራ የሚሠራው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሪቻርድ ሜየር ከምስል ጋር የሚቀርብ ማብራሪያ በጽሑፍም በድምፅም በአንድ ጊዜ ሲደገም መማርን እንደሚያውክ በሙከራ ማሳየቱን ጠቅሶ፣ ስላይድ የሚያነብ አቅራቢ አድማጩን ሁለት ጊዜ እንደሚያደክም አስረዳ። ስለ ግፊት የጻፈችውን ሙሉ ገጽ በአንድ ሥዕል እንድትተካው መከረ፦ ሕንጻው በቁሙ ተስሎ፣ ውኃው የሚቆምበት ፎቅ በቀይ መስመር ተመልክቶ፣ ውኃን አሥር ሜትር ያህል ወደ ላይ ለመግፋት አንድ ባር ግፊት እንደሚያስፈልግ በአንድ ቃል ቢነገር፣ አራተኛ ፎቅ ለምን እንደሚደርቅ ሌላ ማብራሪያ አይፈልግም።

ከ22 እስከ 24 ያለውን በአጭሩ ልለፈው። የትኛው ሮቶ ጠንካራ እንደሆነ፣ የትኛው ብሎክ ሌሊት ውኃ እንደሚያገኝ፣ ማን የማንን ቧንቧ እንደቀጠለ የተነሣው ጭቅጭቅ በመድረኩ አስተባባሪ ማሳሰቢያ ተዘግቷል።

25ኛው ምላሽ ስለ ጥያቄና መልስ ሲሆን፣ ብዙዎቻችን የምንረሳው ክፍል ነው። በእኛ ስብሰባ ሰብሳቢው ሦስት አራት ጥያቄ ሰብስቦ በአንድነት ለአቅራቢ ያስተላልፋል፤ ከጠያቂዎቹም አንዳንዱ ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት፣ አንዳንዱ አስተያየት ሳይሆን የቆየ ቅሬታ ይዞ ይነሣል። ጸሐፊዋ በሥራዋ ምክንያት በየወረዳው ስብሰባ የምትገኝ ናት፤ አቅራቢዎች እዚህ ላይ የሚወድቁት ጥያቄዎቹን በወረቀት ስለማይዙና በመጨረሻው ጥያቄ ተናደው የመጀመሪያውን ስለሚዘነጉ እንደሆነ አስተዋለች። እኅታችን ጥያቄዎቹን በአንድ ቃል በማስታወሻዋ ላይ እንድትይዝ፣ አንድ ዓይነት የሆኑትን አጣምራ እንድትመልስ፣ ቅሬታውን ተቀብላ ለሰብሳቢው እንድትመራ፣ የገንዘቡን ጥያቄ ከጎኗ የሚቀመጠው ገንዘብ ያዥ እንዲመልስ አስቀድማ እንድትስማማ መከረች። የማታውቀውን ነገር አጣርታ እንደምትመልስ መናገር ደግሞ ከመቀባጠር ይሻላል፤ በዚያው ሰፈር ነገም ከእነርሱ ጋር የምትኖር ናትና።

ጠያቂዋ በ26ኛው ምላሽ ሁሉንም አመስግና የደረሰችበትን አስታወቀች። ስላይዶቹን ወደ ሰባት ቀንሳ፣ ከእነርሱም ሦስቱን በካርቶን ላይ ልትገለብጣቸው ወስናለች፤ መዋጮውንና የታችኛው ፎቅ ነዋሪ የሚያገኘውን ጥቅም ወደ ሁለተኛው ገጽ አምጥታቸዋለች፤ መሸምደዱንም ትታ በባለቤቷ ፊት ቆማ ስትለማመድ አሥራ ስድስት ደቂቃ እንደፈጀባት ጽፋለች። ዝርዝር ስሌቱን በአንድ ወረቀት አሳትማ ልታድለው አስባ፣ መቼ ማደል እንዳለባት ጠየቀች።

በዚህ ላይ ክሩ ለሁለት ተከፈለ። 27ኛው ወረቀቱ ከዓርብ ጀምሮ በየበሩ እንዲደርስ፣ ሰው አንብቦ አስቦበት እንዲመጣ ይሻል፤ በስብሰባው ላይ ከታደለ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ያነባል እንጂ አይሰማትም። 28ኛው ይህን አጥብቆ ይቃወማል፤ አስቀድሞ የተበተነ አሐዝ በየደረጃው ላይ እንደየሰው አስተሳሰብ ተተርጉሞ፣ እሑድ የሚመጣው ሰው ለመስማት ሳይሆን ለመቃወም የተዘጋጀ ይሆናል፣ ስለዚህ ወረቀቱ ከገለጻው በኋላ፣ ከጥያቄው በፊት ይታደል ይላል። እኔ ወረቀቱ ቀድሞ ቢሄድ እመርጣለሁ፤ ካደሩበት በኋላ የሚቃወሙ ሰዎች ቢያንስ የሚቃወሙትን ያወቁ ናቸው። ጠያቂዋ እስካሁን የወሰነችውን አልጻፈችም፤ ጉባኤው የሚደረገው በመጪው እሑድ ነው።